በተጎጂ ስም የሚሰበሰብ ክፍያ፦ በሸማች ሕግ መቀጮ ላይ ስለሚደረበው ገንዘብ

አንድ ነጋዴ የሸማቾች ጥበቃ ሕግን ተላልፎ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ሲባል የሚጣልበት የገንዘብ ቅጣት በሕግ ቋንቋ መቀጮ ይባላል፤ በብዙ አገሮች ግን መቀጮው ጥፋተኛው ከኪሱ የሚያወጣው ገንዘብ ሁሉ አይደለም። በመቀጮው ላይ ብዙውን ጊዜ በመቶኛ እየተሰላ ሌላ ክፍያ ይደረብበታል፤ ይህ ምዕራፍም ያንን ክፍያ “ተጨማሪ ክፍያ” እያለ ይጠራዋል። ተጨማሪ ክፍያው ከመቀጮው የሚለየው በመጀመሪያ መጠኑ የሚወሰንበት መንገድ ነው፤ ዳኛው የጥፋቱን ክብደትና የጥፋተኛውን ሁኔታ መዝኖ የሚቆርጠው መቀጮውን ሲሆን፣ ተጨማሪ ክፍያው ከተቆረጠው መቀጮ በስሌት ይወጣል። ከዚህ በላይ ደግሞ መድረሻው ይለያል፤ መቀጮው ወደ መንግሥት ወይም ወደ ከተማ አስተዳደር አጠቃላይ ገቢ ሲገባ፣ ተጨማሪ ክፍያው ለአንድ ለተወሰነ ዓላማ ወደ ተቋቋመ ፈንድ ይሄዳል። ዓላማው በአብዛኛው “የወንጀል ተጎጂዎችን መርዳት” ተብሎ ስለሚገለጽ፣ የፍርዱን ዜና የሚሰማ ሰው ገንዘቡ ለተጭበረበረው ሸማች የሚደርስ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ይህ ግምት ምን ያህል ከእውነታው እንደሚርቅ ለማየት ካናዳ፣ በተለይም ቶሮንቶን ያቀፈችው የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር፣ ጥሩ ማሳያ ናት። በካናዳ የወንጀል ሕግ የማውጣት ሥልጣን የፌዴራሉ ፓርላማ ነው፤ ይሁንና ክፍለ ሀገሮች በሥልጣናቸው ሥር ባወጧቸው ሕጎች ላይ ቅጣት ማስቀመጥ ስለሚችሉ፣ እነዚህን ሕጎች መተላለፍ “የክፍለ ሀገር ጥፋት” የሚል መጠሪያ አግኝቶ የራሱ የሥነ ሥርዓት ሕግ ወጥቶለታል። ከፍጥነት ወሰን በላይ መንዳት፣ የሠራተኞችን ደኅንነት ደንብ መጣስ፣ ሸማችን ማታለል ሁሉም በአንድ የሥነ ሥርዓት ጥላ ሥር የሚታዩ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜም ጉዳዩን የሚያዩት በሕግ ትምህርት መመረቅ የማይጠበቅባቸው፣ “የሰላም ዳኞች” የሚባሉ ሹማምንት ናቸው። ይህ የሸማቾችን ገንዘብ የበላ ነጋዴንና ቸኩሎ የነዳ ሾፌርን በአንድ ረድፍ የሚያሰልፍ አደረጃጀት፣ ወደፊት እንደሚታየው፣ ለተጨማሪ ክፍያው ባሕርይ ትልቅ ምክንያት ሆኗል።

የኦንታሪዮ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ በ2002 ወጥቶ በሐምሌ 2005 ሥራ ላይ የዋለ ነው (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዘመናት፣ “ዓ.ም.” ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሕጉ ቤት ለቤት ተዘዋውሮ የሚሸጥ ነጋዴ ያስፈረመውን ውል ሸማቹ በ10 ቀናት ውስጥ ያለ ምንም ምክንያት እንዲያፈርስ ይፈቅድለታል፤ የጥገና ባለሙያ አስቀድሞ በጽሑፍ ከሰጠው ግምት ከ10 በመቶ በላይ አስበልጦ እንዳያስከፍል ይከለክለዋል፤ ሐሰተኛ፣ አሳሳች ወይም የሸማቹን ድክመት መጠቀሚያ ያደረገ አሠራርንም “ተገቢ ያልሆነ ተግባር” ብሎ ይፈርጀዋል። ቀብድ ተቀብሎ የጠፋ የጣራ ሠሪ፣ ውሉ ሲፈርስበት ገንዘቡን በተወሰነው 15 ቀን ውስጥ ያልመለሰ የቤት ማሞቂያ ሻጭ፣ ብድር ሳያስገኝ አስቀድሞ የአገልግሎት ዋጋ የሰበሰበ ደላላ፣ ሁሉም በዚህ ሕግ ሊከሰሱ ይችላሉ። ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘ ግለሰብ እስከ 50,000 የካናዳ ዶላር መቀጮ፣ ወይም ሁለት ዓመት ሊሞላ አንድ ቀን እስከሚቀረው እስራት፣ ወይም በሁለቱም ሊቀጣ ይችላል፤ ኩባንያ ከሆነ የመቀጮው ጣሪያ 250,000 ዶላር ነው። የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት በታኅሣሥ 2023 እነዚህን ጣሪያዎች በእጥፍ የሚያሳድግ አዲስ ሕግ አጽድቋል።

መንግሥት እንዲህ ዓይነቱን ፍርድ በመግለጫ ሲያሳውቅ፣ ከመቀጮው ቀጥሎ ሳትለወጥ የምትደጋገም አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ ፍርድ ቤቱ በሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት የ25 በመቶ የተጎጂዎች ተጨማሪ ክፍያ መጣሉንና ገንዘቡ የወንጀል ተጎጂዎችን ለሚረዳ የመንግሥት ልዩ ፈንድ የሚውል መሆኑን ትገልጻለች። “ፍርድ ቤቱ ጥሏል” መባሉ ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። ሕጉ የሚለው ማንም ሰው ጥፋተኛ ተብሎ መቀጮ ከተጣለበት በደንብ የተወሰነው ተጨማሪ ክፍያ ይከፈላል ነው፤ ዳኛው ይከፈል ወይስ አይከፈል ብሎ የሚወስንበት ቦታ የለም፤ የመኪና ማቆሚያ ጥፋቶች ብቻ ከዚህ ወጥተዋል። ስለዚህ ክፍያውን የሚጥለው ሕግ አውጪው ሲሆን፣ ፍርድ ቤቱ የሚያደርገው ማሳወቅ ነው ማለት ይቀላል። ለማስፈጸምም ሲባል ተጨማሪ ክፍያው እንደ መቀጮ ስለሚቆጠር፣ መቀጮን ለማስከፈል ያሉት መንገዶች ሁሉ ለእርሱም ያገለግላሉ። በሌላ በኩል ስሌቱ በመቀጮ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ስለሆነ፣ ዳኛው ነጋዴውን ያለ መቀጮ በእስራት ብቻ ቢቀጣው ተጨማሪ ክፍያ የሚባል ነገር አይኖርም፤ የሸማቾቹን ገንዘብ እንዲመልስ አዝዞ መቀጮውን ዝቅ ቢያደርግለትም ተጨማሪ ክፍያው አብሮ ዝቅ ይላል።

ለረጅም ዓመታት ሲሠራበት የኖረው የስሌት ሰንጠረዥ ደግሞ ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው። እስከ 50 ዶላር ለሆነ መቀጮ 10 ዶላር፣ ከ451 እስከ 500 ዶላር ለሆነው 110 ዶላር፣ ከ501 እስከ 1,000 ዶላር ላለው ሰፊ እርከን ደግሞ 125 ዶላር ይታከላል፤ ከ1,000 ዶላር በላይ ሲሆን እርከኑ ቀርቶ ጠቅላላውን መቀጮ በ25 በመቶ ማስላት ይጀመራል። ሰንጠረዡን በጥንቃቄ ለሚያነብ ሰው አንድ እንግዳ ነገር ይታየዋል። ልክ 1,000 ዶላር የተቀጣ ሰው 125 ዶላር ሲጨምር፣ 1,001 ዶላር የተቀጣው 250 ዶላር ከ25 ሳንቲም ይጨምራል፤ በአንድ ዶላር ልዩነት ተጨማሪ ክፍያው በእጥፍ ዘለለ ማለት ነው። የ50 ዶላር ጥፋተኛ በመቶኛ ሲታይ 20 በመቶ የሚከፍል ሲሆን የ1,000 ዶላሩ 12 ከግማሽ በመቶ ብቻ ይከፍላል። እንዲህ ያለው መዛነፍ ክፍያው የበደልን መጠን ለመለካት ታስቦ እንዳልተሠራ ያሳያል፤ የታሰበው በሺህ የሚቆጠሩ የትራፊክ ክሶችን ያለ ክርክር በፍጥነት ለማስተናገድ ነው፤ የሸማቾች ክስ የዚሁ አሠራር ተከታይ ሆኖ መጣ እንጂ ስለ እርሱ የተለየ ሐሳብ የተያዘ አይመስልም። የሸማቾች ጥፋት መቀጮ ግን ከ1,000 ዶላር በታች ስለሚሆንበት አጋጣሚ ማሰብ ስለሚከብድ፣ በዚህ መስክ በተግባር የሚታየው 25 በመቶው ነው፤ ጣሪያም ስለሌለው 200,000 ዶላር የተቀጣ ኩባንያ 50,000 ዶላር ይጨምራል።

ገንዘቡ ወዴት ይሄዳል? የኦንታሪዮ ምክር ቤት በ1995 የተጎጂዎች የመብት ሕግ የተባለ ሕግ አውጥቶ፣ በቀጣዩ ዓመት ሥራ ላይ ሲውል የተጎጂዎች ፍትሕ ፈንድ የሚባል ሒሳብ ተከፈተ፤ በየፍርድ ቤቱ ከሚጣሉ መቀጮዎች ላይ የሚሰበሰበው ተጨማሪ ክፍያ በዚህ ሒሳብ ይመዘገባል። የክፍለ ሀገር ጥፋቶችን የሚያዩ ችሎቶች አስተዳደር ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወደ ከተማ አስተዳደሮች ሲዛወር እንኳ፣ ከተማዎቹ የመቀጮውን ገቢ በአብዛኛው ለራሳቸው ሲያስቀሩ ተጨማሪ ክፍያውን ግን ለክፍለ ሀገሩ ያስተላልፋሉ። ፈንዱ የሚደግፋቸው አገልግሎቶች በዋናነት የኃይል ጥቃት፣ የቤት ውስጥ ጥቃትና የወሲብ ጥቃት የደረሰባቸውን ሰዎች የሚመለከቱ ናቸው። ይህ ዓላማ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም፤ ብቻ የቤት ማሞቂያ ሻጩ ያጭበረበራት አዛውንት በዚህ ፈንድ ውስጥ ቦታ የላትም።

የፈንዱ ታሪክም ነቀፌታ አላጣውም። በ1999 የኦንታሪዮ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የተጎጂዎች የመብት ሕጉ የመርሕና የማኅበራዊ ፖሊሲ መግለጫ እንጂ ተጎጂው በፍርድ ቤት ሊያስከብረው የሚችል መብት የሚሰጥ አለመሆኑን ወሰነ። በ2007 ደግሞ የክፍለ ሀገሩ የሕዝብ እንባ ጠባቂ አንድሬ ማሬን ለወንጀል ተጎጂዎች ካሳ የሚወስነውን ቦርድ መርምረው፣ ተጎጂዎች ለዓመታት ሲንገላቱ በፈንዱ ውስጥ ያልወጣ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ተቀምጦ እንደነበር ያመለከተ ጠንካራ ሪፖርት አወጡ። ያ ቦርድ ከጥቅምት 2019 ጀምሮ አዲስ ማመልከቻ መቀበል አቁሞ፣ በቦታው ፈጣን እርዳታ የሚሰጥ ሌላ መርሐ ግብር ተስፋፍቷል። በተጎጂ ስም መሰብሰብ ቀላል፣ ለተጎጂ ማድረስ ግን ሌላ ሥራ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ማስረጃ መፈለግ አያስፈልግም።

ወደ ሸማቹ ስንመለስ፣ የሸማቾች ጥበቃ ሕጉ የተበደለውን ሰው ጨርሶ አልረሳውም። ጥፋተኛ ያለው ፍርድ ቤት ከሌላው ቅጣት በተጨማሪ ነጋዴው ካሳ እንዲከፍል ወይም የወሰደውን እንዲመልስ ሊያዝዝ ይችላል ይላል። ጠቅላላ ጉዳዩ ያለው “ይችላል” በምትለው ቃል ላይ ነው፤ ወደ ፈንዱ የሚሄደው ገንዘብ በሕግ ግዴታ ሲሆን፣ ወደ ሸማቹ የሚመለሰው በዳኛው ፈቃድ ላይ የቆመ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ሥራ ተቋራጭ ከአምስት ቤተሰቦች በድምሩ 40,000 ዶላር ቀብድ ወስዶ ሥራውን ሳይጀምር ተሰወረ እንበል። ፍርድ ቤቱ 20,000 ዶላር ቢቀጣው 5,000 ዶላር ተጨማሪ ክፍያ ወዲያውኑ ይከተላል፤ 40,000ው ዶላር እንዲመለስ ግን ዐቃቤ ሕጉ መጠየቅ፣ ማስረጃ ማቅረብና ዳኛውን ማሳመን አለበት። ተቋራጩ ያለው ሀብት በሙሉ 25,000 ዶላር ቢሆን፣ መንግሥት የራሱን ሁሉ አግኝቶ ቤተሰቦቹ ባዶ እጃቸውን የሚመለሱበት ሁኔታ ሊፈጠር ይችላል። ልምድ ያላቸው ዳኞች ይህን ስለሚያውቁ፣ ገንዘቡን መመለስን የአመክሮ ግዴታ አድርገው መቀጮውን የሚቀንሱባቸው ፍርዶች አሉ፤ ይህ ግን በዳኛው አስተዋይነት የሚገኝ መፍትሔ እንጂ ሕጉ የዘረጋው ሥርዓት አይደለም።

ለተጨማሪ ክፍያው የሚቀርበው መከራከሪያ ቀላል አይደለም። ሕግን የሚጥሱ ሰዎች ሁሉ፣ የጥፋታቸው ዓይነት ምንም ይሁን ምን፣ የጥፋት ሰለባዎችን ለመርዳት ከሚወጣው ወጪ የተወሰነውን ቢሸከሙ፣ ሸክሙ በንጹሐን ግብር ከፋዮች ላይ ብቻ ከመውደቁ የተሻለ ነው የሚል ነው። ለሚያገግም ሰው የምክር አገልግሎት፣ ለሸሸች እናት መጠለያ የሚሆነው ገንዘብ ከየትም ይምጣ ከየት ዋጋው ያው ነው። መከራከሪያው የሚደክመው ክፍያውን ከግብር የሚለየው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ነው፤ ከፋዩ ከፈንዱ ተጠቃሚ ጋር አንዳች ግንኙነት ከሌለው፣ ክፍያው በጥፋተኞች ላይ የተጣለ ግብር ይሆናል፤ እንዲህ ተብሎ በግልጽ ቢነገርም ማንንም ባላስቀየመ ነበር።

በካናዳ ተጨማሪ ክፍያ ወደ ትልቁ ሕገ መንግሥታዊ ክርክር የገባው በሸማች ጉዳይ አልነበረም፤ በፌዴራሉ የወንጀል ሕግ ውስጥ ባለው ተመሳሳይ ክፍያ ምክንያት ነበር። ይህ ክፍያ መቀጮ ካለ የመቀጮው 30 በመቶ፣ መቀጮ ከሌለ ደግሞ በእያንዳንዱ ቀላል ጥፋት 100፣ በእያንዳንዱ ከባድ ጥፋት 200 ዶላር ነው። ዳኞች ቀደም ሲል ድሃ ጥፋተኞችን ነጻ የማድረግ ሥልጣን የነበራቸው ሲሆን፣ በ2013 የወጣ ማሻሻያ ሥልጣኑን ነጠቃቸው። አንዳንድ ዳኞች አንድ ዶላር መቀጮ ጥለው ተጨማሪ ክፍያው 30 ሳንቲም ብቻ እንዲሆን ማድረግ፣ ሌሎችም ለመክፈያ አሥርት ዓመታት መስጠት ጀመሩ፤ ሕግ ዳኛን ሲያስር ዳኛው መፍቻ እንደማያጣ የሚያሳይ ነገር ነው። በመጨረሻም የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2018 ቡድሮ በተባለው መዝገብ፣ በሰባት ለሁለት ድምፅ፣ በዳኛ ሺላ ማርቲን ጸሐፊነት፣ ግዴታው በድህነት፣ በሱስና በሕመም ለሚማቅቁ ሰዎች የማያልቅ ዕዳ ስለሚሆን ጨካኝና ያልተለመደ ቅጣት ነው ብሎ ሻረው። ፓርላማውም በ2019 ክፍያውን ሲመልሰው ከክፍያው ነጻ የማድረግ ሥልጣኑን ለዳኞች መልሶ ሰጠ።

የቡድሮ ውሳኔ ሸማችን ለበደለ ኩባንያ መሸሸጊያ ይሆን ይሆናል ብሎ ለሚጠይቅ፣ መልሱ ከሁለት ዓመት በኋላ ከዚያው ፍርድ ቤት መጣ። በኩቤክ ያለ ፈቃድ የግንባታ ሥራ ሠርቷል የተባለ ኩባንያ የተጣለበት 30,843 ዶላር ዝቅተኛ መቀጮ ጨካኝ ቅጣት ነው ብሎ ቢከራከርም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኅዳር 2020 ያ ጥበቃ የሰው ልጅን ክብር ለመጠበቅ የተሰጠ በመሆኑ ለድርጅት አይዘረጋም ሲል ወሰነ። ስለዚህ በኩባንያ ላይ የሚታከለውን 25 በመቶ በዚህ በር ገብቶ ማስቀረት አይቻልም። በግል ስሙ የሚነግድ፣ ከስሮ የተከሰሰ ጥቃቅን ነጋዴ ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ ከኩባንያው ይልቅ ወደ ቡድሮ ተከሳሾች የሚቀርብ ሊሆን ይችላል።

ከኦንታሪዮ ጋር በጉልህ የሚነጻጸረው የእንግሊዝና ዌልስ ሥርዓት ነው። እዚያም ከሚያዝያ 2007 ጀምሮ የተጎጂ ተጨማሪ ክፍያ አለ፤ መጀመሪያ ለተቀጣ ሁሉ 15 ፓውንድ ነበር፣ በ2012 ወደ መቶኛ ተቀየረ፣ ከሰኔ 2022 ጀምሮ ደግሞ የመቀጮው 40 በመቶ ሆኗል። የአካባቢ አስተዳደሮች የንግድ ደረጃ ተቆጣጣሪዎች አሳሳች ነጋዴን ከሰው ሲያስቀጡ ይኸው ክፍያ ይከተላል። መቶኛው ከኦንታሪዮው የከበደ ቢመስልም 2,000 ፓውንድ ጣሪያ ስላለው፣ 5,000 ፓውንድ የተቀጣ ትንሽ ሱቅና 100,000 ፓውንድ የተቀጣ ትልቅ ድርጅት እኩል ይከፍላሉ፤ በዚህ በኩል የእንግሊዙ ሕግ ለሀብታም ያደላል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአንድ ነገር ግን ይበልጣል፤ ጥፋተኛው ለተበዳዩ ካሳና ለተጨማሪ ክፍያው ሁለቱም የሚበቃ ገንዘብ ከሌለው፣ ፍርድ ቤቱ ተጨማሪ ክፍያውን እንዲቀንስ፣ አስፈላጊ ከሆነም ጨርሶ እንዲያስቀር ሕጉ ያዝዛል። የሰው ገንዘብ የበላ አስቀድሞ ለባለቤቱ ይመልሳል፣ መንግሥት ከዚያ በኋላ ይጠይቃል ማለት ነው፤ ቀደም ሲል በምሳሌነት የተነሱት አምስት ቤተሰቦች በእንግሊዝ ቢሆኑ ኖሮ ተራቸው ከፈንዱ ይቀድም ነበር።

በካሊፎርኒያ በወንጀል መቀጮ ላይ የሚደራረቡት ክፍያዎች ብዛት ሌላ መጽሐፍ የሚጠይቅ ነው፤ ቀይ መብራት የጣሰ ሾፌር መነሻው 100 ዶላር የሆነ መቀጮ ወደ 490 ዶላር ገደማ እስኪደርስ ፍርድ ቤት ማስገንቢያ፣ የዘረ መል መረጃ ማከማቻ፣ የድንገተኛ ሕክምና እያለ ይጨመርበታል። የሚያስገርመው፣ በዚያው ግዛት ሸማቾችን ያታለለ ኩባንያ በእያንዳንዱ ጥሰት እስከ 2,500 ዶላር የሚጣልበት ቅጣት የፍትሐ ብሔር ቅጣት ስለሆነ እነዚህ ድርብርብ ክፍያዎች አይነኩትም።

የኢትዮጵያ ሕግ ተጎጂውን ያሰበው በተገላቢጦሽ መንገድ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በመቀጮ ላይ ሌላ ክፍያ ከመደረብ ይልቅ፣ ጥፋተኛው ካሳውን የማይከፍል መሆኑ ሲታይ ፍርድ ቤቱ ከተወረሰው ንብረት ሽያጭ ወይም ከመቀጮው ላይ የተወሰነው ለተጎዳው ሰው እንዲሰጥ ለማዘዝ የሚያስችል ድንጋጌ ይዟል። ሐሳቡ ከኦንታሪዮው ይልቅ ወደ ተበዳዩ የቀረበ ነው፤ አንድ ጥቅም ላይ ያልዋለ ድንጋጌ ከሚሠራ ፈንድ አይሻልም የሚል ክርክር ቢነሳም፣ ክርክሩ ስለ አፈጻጸም እንጂ ስለ መርሑ አይሆንም።

ኦንታሪዮ 25 በመቶዋን ሳትተው የእንግሊዙን ቅደም ተከተል ብትወስድ፣ ማለትም ካሳን በዳኛው ፈቃድ ላይ ከማንጠልጠል አውጥታ ከተጨማሪ ክፍያው ብታስቀድም፣ በሕጉ ላይ የሚነሳው ዋናው ቅሬታ ይወገዳል፤ ለዚህም የሚያስፈልገው አንድ አንቀጽ ማሻሻል ነው። ይህ እስኪሆን ድረስ በክፍለ ሀገሩ የሚኖር ሸማች፣ በቶሮንቶና በአካባቢዋ ያለውን አማርኛ ተናጋሪ ጨምሮ፣ ነጋዴው መቀጣቱን ሰምቶ ገንዘቡ ይመለስልኛል ብሎ መጠበቅ የለበትም። ተገቢ ባልሆነ ተግባር የተፈረመን ውል ለማፍረስ ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ ውሉ ከተፈረመበት አንሥቶ አንድ ዓመት ሲሆን፣ የወንጀል መሰል ክሱ ሂደት ከዚያ ሊያልፍ ይችላል፤ በመሆኑም ሸማቹ ውሉን፣ ደረሰኙንና መልእክቶቹን ይዞ ማፍረሱን በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ነጋዴው ካልመለሰ ደግሞ የዐቃቤ ሕጉን ክስ ሳይጠብቅ ለአነስተኛ ገንዘብ ክርክሮች በተቋቋመው ፍርድ ቤት መክሰስ ይኖርበታል። መንግሥት ከከሰሰም መርማሪውን ቀርቦ የጠፋበትን ገንዘብ መጠን ከነማስረጃው ያስመዝግብ፤ ዐቃቤ ሕጉ ገንዘቡ እንዲመለስ በችሎት የሚጠይቀው ይህን ይዞ ነው።